ፔል ግራንት ተከለከልኩ፣ የ9,500 ዶላር ብድር ግን ቀረበልኝ፤ ልቀበለው?

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በዲቪ ወደ አሜሪካ የገባሁት በማርች 2024 ሲሆን፣ አሁን በሜሪላንድ በየቤቱ እየሄድኩ አረጋውያንን በመንከባከብ በሳምንት 40 ሰዓት እሠራለሁ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ አላገባሁም፤ ከአገር ቤት የመጣሁት በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ነው። ነርስ ለመሆን ስለወሰንኩ፣ በምኖርበት ካውንቲ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ተመዝግቤያለሁ። ለመጀመሪያው ሴሚስተር የያዝኩት 9 ክሬዲት ነው፤ ኮሌጁ የጠየቀኝ ክፍያ 1,680 ዶላር ሲሆን መጻሕፍቱ ደግሞ ወደ 300 ዶላር ይጠጋሉ።

ግራ የገባኝ ነገር የሚከተለው ነው። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ እንደ እኔው በዲቪ የመጣች፣ ገቢዋም ከእኔ ገቢ እምብዛም የማይለይ ሆኖ ሳለ፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ሞልታ፣ ተመልሶ የማይከፈለው የመንግሥት ስጦታ ፔል ግራንት ስለተፈቀደላት ከኪሷ ምንም ሳታወጣ ትማራለች፤ ከክፍያው የተረፈውንም ኮሌጁ ሪፈንድ አድርጎ ወደ ባንክ ሒሳቧ ያስገባላታል። ለእኔ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን በፔል ግራንት ቦታ ላይ ዜሮ ካሰፈረ በኋላ፣ ከሥሩ «ሰብሲዳይዝድ 3,500፣ አንሰብሲዳይዝድ 6,000» ብሎ በድምሩ 9,500 ዶላር እንደ ሽልማት ያቀርብልኛል።

ጓደኛዬ ሁለት ምክር ሰጥታኛለች። አንደኛው፣ ፋፍሳውን እንደገና ከፍቼ «ዲግሪ የለኝም» ብዬ እንዳስተካክለው ነው፤ አገር ቤት የተማርኩትን እዚህ ማንም አያውቅም ትላለች። ሁለተኛው፣ ብድሩን በሙሉ ተቀብዬ ከትምህርት ክፍያው የሚተርፈውን ለመኪና መግዣ ቅድሚያ ክፍያ እንዳውለው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ደሴ ያለችው እናቴ የቤቷ ጣሪያ ማፍሰስ ስለጀመረ ሁለተኛው ምክር አልፎ አልፎ ያባብለኛል። በሌላ በኩል አገር ቤት በወጪ መጋራት ውል ተምሬ፣ ያንን ከፍዬ ኦርጅናል ዲግሪዬን እስክረከብ ድረስ ያየሁትን ውጣ ውረድ ስለማልረሳው፣ ዕዳ የሚለውን ቃል ስሰማ ልቤ ይፈራል። ፔል የተከለከልኩት በስሕተት ነው? ካልሆነስ፣ ከዚህ ብድር ምን ያህሉን ብወስድ ይሻላል ትላላችሁ?


መልስ 1፦ የቁጥር ሰው (ሮክቪል)

እህታችን፣ ጥያቄዎን ከነቁጥሩ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ ቁጥር የሌለው ጥያቄ መልሱም ግምት ሆኖ ይቀራልና። በግብር ወቅት የሰዎችን ታክስ እሠራለሁ፤ ከዚያው ጋር ብዙ ወገኖቻችን ፋፍሳ ሲሞሉ ረድቻለሁ።

ፔል የተከለከሉት በስሕተት አይደለም፤ ምክንያቱም ገቢዎ ሳይሆን ዲግሪዎ ነው። ይህ ዕርዳታ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ላልያዘ ተማሪ ሲሆን፣ ዲግሪው ከአሜሪካ ውጭ የተገኘ መሆኑ፣ እዚህ አገር ያለ ቀጣሪ ዞር ብሎ የማያየው መሆኑም ጭምር፣ ደንቡን አይለውጠውም። ጓደኛዎ 12ኛ ክፍል አጠናቃ ወይም ዲፕሎማ ይዛ የመጣች ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ፤ የአገር ቤት ዲፕሎማም ሆነ የቴክኒክና ሙያ ምስክር ወረቀት ከመጀመሪያ ዲግሪ በታች ስለሆነ ፔልን አያስቀርም። የፔል ጣሪያ በ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ የኮሙኒቲ ኮሌጅ አማካይ የሙሉ ጊዜ ክፍያ ለአካባቢው ነዋሪ በ2024–25 4,050 ዶላር ነበር፤ ጓደኛዎ በየሴሚስተሩ ሪፈንድ የምታገኘው በዚህ ልዩነት የተነሳ ነው። አገር ቤት አራት ዓመት ደክሞ የተማረ ሰው እዚህ ሲደርስ ድርሻውን አስቀድሞ እንደ በላ መቆጠሩ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል፤ ነገር ግን ደንቡ ይኸው ነው።

«ዲግሪ የለኝም» ብለው እንዲሞሉ የተሰጠዎትን ምክር ግን ፈጽሞ አይቀበሉ። ፋፍሳ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍ እስከ 20,000 ዶላር መቀጮ፣ እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል እንደሚችል ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃል። ማንም አያውቅም የሚለውም ትክክል አይደለም፤ ለዲቪ ቪዛ በሞሉት ዲኤስ-260 ቅጽ ላይ የትምህርት ታሪክዎን በራስዎ እጅ አስፍረዋል። ከዚህም በላይ፣ ከአገር ቤት የተማሯቸው ኮርሶች እዚህ እንዲያዙልዎ ትራንስክሪፕትዎን አስገምግመው ለኮሌጁ ባስገቡ ዕለት፣ ኮሌጁ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለውን ተቃርኖ የማጣራት ግዴታ አለበት፤ የወሰዱት ገንዘብም ተመላሽ ይጠየቃል። ዲግሪዎን ቢደብቁ ዲግሪዎ ሊያስገኝልዎ የሚችለውን ክሬዲትም አብረው ያጡታል ማለት ነው። ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስና የመሳሰሉት ኮርሶች ከተያዙልዎ የእያንዳንዳቸው ክፍያ ይቀርልዎታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ኮርስ ለይቶ የሚያሳየውን ግምገማ ያሠሩ፤ ዲግሪውን በጥቅሉ ብቻ የሚመሰክረው ዓይነት ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምዎትም።

ወደ ብድሩ ልለፍ። ደብዳቤው ብድርን ከስጦታ ጋር በአንድ ገጽ አሰልፎ «ሽልማት» ማለቱ የብዙ ሰው መሳሳቻ ነው፤ መልሰው የሚከፍሉት ገንዘብ ሽልማት አይባልም። ሁለቱ ብድሮችም አንድ አይደሉም። ሰብሲዳይዝድ የሚባለው፣ ቢያንስ በግማሽ ጊዜ፣ ማለትም በሴሚስተር 6 ክሬዲትና ከዚያ በላይ እየተማሩ እስከቆዩ ድረስ፣ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍንልዎ ነው። አንሰብሲዳይዝድ የሚባለው ግን ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። የሁለቱም የወለድ መጣኝ በ2025–26 ለሚወሰድ ብድር 6.39 በመቶ ሲሆን ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ አይለወጥም። በ6,000 ዶላሩ ላይ በየዓመቱ 383 ዶላር ያህል ወለድ ይታሰባል፤ ትምህርቱና ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የስድስት ወር ዕፎይታ አንድ ላይ ሦስት ዓመት ቢፈጁ፣ ገና የመጀመሪያውን ክፍያ ሳይከፍሉ 1,150 ዶላር ተጨምሮበት ይጠብቅዎታል። ሁለቱንም ብድሮች ወስደው በመደበኛው የአሥር ዓመት አከፋፈል ቢመልሱ፣ ይህ የትምህርት ቤት ወለድ ሳይቆጠር፣ በየወሩ 107 ዶላር፣ በድምሩም 12,880 ዶላር ገደማ ይከፍላሉ። ይህ የአንድ ዓመት ብድር ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጣሪያው ወደ 10,500 ዶላር ከፍ ይላል።

አሁን የእርስዎን ሒሳብ እንይ። 3,500 ዶላሩ በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ፣ መንግሥት በቅድሚያ የሚቀንሰው 1.057 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲነሳለት፣ በእያንዳንዱ ሴሚስተር 1,731 ዶላር ያህል ይደርስዎታል። ክፍያዎ 1,680 ነው። ትምህርቱ በዚህ ብቻ ይሸፈናል፤ እስኪመረቁም ወለድ አይቆጥርም። ስለዚህ 3,500ውን ተቀብለው 6,000ውን አልፈልግም ይበሉ። ደብዳቤውን በሙሉ መቀበል ግዴታ አይደለም፤ በድረ ገጹ ላይ እያንዳንዱን ለይቶ መቀበል፣ መጠኑን መቀነስ ወይም መተው ይቻላል። በዓመቱ መካከል ችግር ቢገጥምዎ ዕርዳታ ክፍሉን ጠይቀው የተውትን ማስመለስ ይችላሉ፤ የማያስፈልግ ገንዘብ ወስደው ቢገኙም በተለቀቀ በ120 ቀናት ውስጥ ከመለሱት ወለዱም የአገልግሎት ክፍያውም ይሰረዝልዎታል።


መልስ 2፦ የሌሊት ተረኛ

የቁጥር ሰው የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ያልነኩት አንድ ጉዳይ አለና በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። በ2022 መኸር ሴሚስተር፣ ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ 12 ክሬዲት ያዝኩ። ፔል ግራንቴ ለሴሚስተሩ 3,447 ዶላር ነበር፤ ክፍያው 2,200 ስለነበር የተረፈውን 1,247 ዶላር በሪፈንድ ተቀብዬ የቤት ኪራይ ከፈልኩበት። በሰባተኛው ሳምንት ላይ እንቅልፍ ማጣቱ አሸንፎኝ ሁሉንም ኮርሶች አቋርጬ ወጣሁ። ፔል ስጦታ ስለሆነ ነገሩ በዚሁ አለቀ ብዬ ነበር።

ደንቡ ግን ሌላ ኖሯል። ተማሪ የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ሙሉ በሙሉ ካቋረጠ፣ ዕርዳታው የእርሱ የሚሆነው በተማረበት ጊዜ ልክ ብቻ ነው። አሥራ አምስት ሳምንት ባለው ሴሚስተር ይህ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ይውላል፤ እኔ በሁለት ሳምንት ቀድሜ ነበር የወጣሁት። ኮሌጁ ያልተማርኩበትን ድርሻ ለመንግሥት መለሰና ያንኑ ገንዘብ በእኔ ላይ አስከፈለው፤ ከ1,200 ዶላር በላይ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። ሳልከፍል ስቀር መመዝገብ ተከለከልኩ፣ ጉዳዩም ወደ ዕዳ አስመላሽ ድርጅት ተላልፎ የክሬዲት (የብድር አመላለስ) ታሪኬ ውስጥ ገባ። ያ ሁሉ ሲሆን አንድ ዶላር ብድር አልወሰድኩም ነበር።

በዚያ ላይ በአብዛኛው ኮሌጅ ተማሪ ዕርዳታውን ይዞ ለመቀጠል አማካይ ውጤቱ ከ2.0 እንዳይወርድና ከያዘው ክሬዲት ቢያንስ 67 በመቶውን እንዲያጠናቅቅ ይጠበቅበታል። እኔ ከ12ቱ ዜሮ ስላጠናቀቅኩ ስመለስ ይግባኝ መጻፍ ነበረብኝ። ስለዚህ ዘጠኝ ክሬዲት በሳምንት ከ40 ሰዓት ሥራ ጋር ይከብድሻል ብለሽ ከሰጋሽ፣ ኮሌጁ ሙሉ ገንዘብ የሚመልስበት ቀን ሳያልፍ አንዱን ኮርስ ጣይው። ስድስት ክሬዲት በሰላም መጨረስ ዘጠኝ ጀምሮ ከማቋረጥ ይሻላል፤ ከስድስት በታች ግን አትውረጂ፣ ብድሩ ይቀራልና።


መልስ 3፦ ሆስፒታል ውስጥ ያለሁ

እኔ ደግሞ ትንሽ ልቃረን። ከኮሙኒቲ ኮሌጅ በአሶሺየት (በሁለት ዓመት) ዲግሪ ተመርቄ ዛሬ የተመዘገብኩ ነርስ ነኝ፤ ስማር ብድር ወስጃለሁ፣ በመውሰዴም አልጸጸትም። ወገኖቻችን ብድርን በጅምላ ይሸሻሉ፤ ከዚያም በሳምንት 60 ሰዓት እየሠሩ ለመማር ይሞክሩና አናቶሚ ላይ ይወድቃሉ። የነርሲንግ ፕሮግራሞች ተማሪ የሚመርጡት ከመግቢያው በፊት በሚወሰዱት ቅድመ ኮርሶች ውጤት ስለሆነ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ላይ የምታመጪው «ሲ» (C) ውጤት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅሽ ይችላል። የአንድ ዓመት መዘግየት ስንት ዶላር ነው? የሠራተኛ ሚኒስቴር እንዳወጣው የተመዘገቡ ነርሶች መካከለኛ የዓመት ገቢ በሜይ 2024 93,600 ዶላር ነበር። አንቺ ደግሞ አሁን የምታገኚውን ታውቂዋለሽ። ልዩነቱን ራስሽ ቀንሺና ከ383 ዶላር ወለድ ጋር አስተያዪው።

ይሁን እንጂ ብድሩ መቼ ይወሰድ የሚለው ከምን ያህል ይወሰድ ከሚለው አይተናነስም። አሁን ያለሽበት የቅድመ ኮርስ ጊዜ ነው፤ በማታና በኢንተርኔት የሚሰጡ ክፍሎች ስላሉ ከሥራ ጋር ማስኬድ ይቻላል። ክሊኒካል የሚባለው የሆስፒታል ልምምድ ከተጀመረ በኋላ ግን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከንጋቱ ጀምሮ ሆስፒታል ውስጥ ትውያለሽ፤ ያኔ 40 ሰዓት መሥራት አይታሰብም፣ ብድሩም በእርግጥ የሚያስፈልግሽ ያኔ ነው። የብድር አቅምሽን ለዚያ ጊዜ አቆዪው። ዛሬ 6,000 ዶላሩን ለመኪናና ለጣሪያ ካዋልሽው በኋላ፣ በክሊኒካል ዓመት ላይ የቀደመው ዕዳ እያሳሰበሽ ተጨማሪ ለመውሰድ ትፈሪያለሽ፤ ይህ የደረሰባቸው የክፍል ጓደኞች ነበሩኝ፣ ሁለቱ ሳይጨርሱ ቀርተዋል። ብድር ወስዶ ሳይመረቅ ከቀረ ሰው የባሰ ባለ ዕዳ የለም፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የሚከፍልበት ደመወዝ አልመጣም። በአገር አቀፍ ደረጃም መክፈል አቅቷቸው በብዛት የሚታዩት ጥቂት ሺህ ዶላር ተበድረው ትምህርቱን ያቋረጡት ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በቤት ለቤት እንክብካቤ ከምትቀጥይ፣ የነርስ ረዳትነት ፈቃድ ይዘሽ ሆስፒታል ለመግባት ሞክሪ። ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ሕጉም ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር የሚከፍለውን የትምህርት ገንዘብ እንደ ገቢ ሳይቆጥር ከግብር ነጻ ያደርገዋል። ያ መጠን የአንቺን ዓመታዊ ክፍያ ሸፍኖ ይተርፋል፤ ዲግሪሽንም ማንም አይጠይቅሽም። አንዳንዶቹ ከተመረቅሽ በኋላ የተወሰነ ጊዜ እንድትሠሪላቸው ውል ያስፈርማሉ፤ ከመፈረምሽ በፊት ብትለቂ ምን ያህል እንደምትመልሺ አንብቢ።


መልስ 4፦ የአሌክሳንድሪያው

ወለድ በሃይማኖቴ ስለማይፈቀድልኝ ሰብሲዳይዝድ የሚባለውንም አልወሰድኩም፤ ከምረቃ በኋላ ወለድ መቁጠሩ አይቀርምና። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆነውን መንገድ ለመጠቆም ያህል ነው የምጽፈው።

ኮሌጆች የሴሚስተሩን ክፍያ በአራት ወይም በአምስት ወር ከፋፍሎ ለመክፈል የሚያስችል ውል አላቸው። ለመመዝገቢያ ጥቂት ዶላር ይጠየቅበታል እንጂ ወለድ የለውም። 1,680 ዶላር ለአራት ቢካፈል በወር 420 ነው። እኔ ይህን ከዕቁብ ጋር አጣመርኩት፦ በአሥር ሰው በወር 400 ዶላር የሚጣልበት ዕቁብ ነበረን፣ ተራው በጃንዋሪ ደረሰኝና የዓመቱን ቀሪ ክፍያ በአንድ ጊዜ ዘጋሁበት። ዳኛውን አስቀድሜ በምዝገባ ወር እንዲያደርሰኝ ለምኜው ነበር፤ ዕጣ ነው ብሎ እምቢ አለኝ፤ በመጨረሻ ዕጣ የወጣለት ወንድማችን ለወጠኝ። ፈጣሪ ይስጠው።

ከፍሎ ለሚማር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነዋሪነቱን ማስመዝገብ ነው። በሜሪላንድ ኮሙኒቲ ኮሌጆች ዋጋው ሦስት ደረጃ አለው፦ የካውንቲው ነዋሪ፣ የሌላ ካውንቲ ነዋሪና ከክፍለ ግዛቱ ውጭ የመጣ። ወደ እኛ ወደ ቨርጂኒያ ተሻግሮ የሚማር ደግሞ የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት መኖሩን በመንጃ ፈቃድ፣ በኪራይ ውልና በታክስ ማሳየት አለበት። ኪራይ ረክሶ አገኘሁ ብለሽ በሴሚስተሩ ዋዜማ ድልድዩን እንዳትሻገሪ።


መልስ 5፦ አባት ከውድብሪጅ

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ብዙም ስለማይርቅ እዚሁ ልጠይቅ። ልጄ 18 ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ አላት፣ ዘንድሮ ሃይስኩል ጨርሳለች። እኔ መጀመሪያ ሁለት ዓመት በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ እንድትማር እፈልጋለሁ፤ እናቷ ግን ሰው ምን ይላል፣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ትግባ ትላለች። ልዩነቱ ይህን ያህል ያጣላል?


መልስ 6፦ የቁጥር ሰው (ሮክቪል)

ጌታዬ፣ በመንግሥት የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ አማካይ የትምህርት ክፍያ በ2024–25 11,610 ዶላር ነበር፤ መኝታና ምግብ ሳይጨመር። ከላይ ከጠቀስኩት 4,050 ጋር ሲነጻጸር በሁለት ዓመት ወደ 15,000 ዶላር ይለያያል። ልጅዎ የትኛውንም የሙያ መስክ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲውን ዒላማ ካደረገች፣ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለውን አድቫንስ የተባለ የጋራ ፕሮግራም ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ትመዝገብበት፤ የትኛው ኮርስ እንደሚተላለፍ ቀድሞ ስለሚታወቅ በከንቱ የተከፈለ ክሬዲት አይኖርም። ጤና፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ወይም የሕፃናት ትምህርት ከመረጠች ደግሞ ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ጂ-ስሪ በሚባል ፕሮግራም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ከፔል የሚቀረውን ክፍያ ትሸፍናለች። ከወላጅ ሥር ያለች ተማሪ ስለሆነች ፋፍሳው ላይ የእርስዎም ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል። ሰው ምን ይላል ለሚለው፣ በመጨረሻው ዲግሪ ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ ነው ብለው ለባለቤትዎ ይንገሯቸው።


አዲስ ገቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ዲግሪው የተጻፈውን ለጓደኛዬ አነበብኩላት፤ እርሷ የመጣችው በእርግጥም በዲፕሎማ ነው፤ ምክሩን የሰጠችኝ ደንቡን ባለማወቅ እንጂ በክፋት አልነበረም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ብድሩን እንደተባለው ወደ ክሊኒካል ዓመት ባቆየው፣ ሕጉ ተለውጦ ይጠብቀኛል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ደግሞም በየቦታው የሚወራው 2,500 ዶላር የታክስ ተመላሽ ለእኔ ይደርሰኛል?


መልስ 7፦ የቁጥር ሰው (ሮክቪል)

ወሬው መሠረት አለው። ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ብድር የሚወስድ ሰው የሚኖሩት የመክፈያ መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ በቁርጥ ዓመታት የሚከፈለው መደበኛ ሲሆን ሌላው በገቢ ልክ የሚከፈል ራፕ የተባለ አዲስ ዕቅድ ነው። በራፕ ክፍያው ከገቢ ከ1 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል፣ ከወር 10 ዶላር አያንስም፣ የቀረው ዕዳ የሚሰረዘውም ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እርስዎ ነርስ ሆነው በጥቂት ዓመታት ለመክፈል ለሚያስቡት መጠን ይህ ብዙም አይነካዎትም፤ ከ25,000 ዶላር ያልበለጠ ብድር በመደበኛው መንገድ አሁንም በአሥር ዓመት ነው የሚያልቀው። ለሕዝብ ሆስፒታል ወይም ትርፍ ለማይሠራ ድርጅት ከሠሩ፣ 120 ወር ከከፈሉ በኋላ ቀሪው የሚሰረዝበት ደንብም አለ፤ ሆኖም በአነስተኛ ብድር ላይ እስከዚያ ድረስ የሚተርፍ ነገር አይኖርዎትም።

በምንም ምክንያት ግን ክፍያውን ዝም ብለው አይተዉት። በኮሮና ጊዜ ተቋርጦ የነበረው ዕዳ የማስመለስ ሥራ በሜይ 2025 እንደገና ተጀምሮ ነበር። 270 ቀን ያልተከፈለ ብድር እንደ ተካደ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዝ እስከ 15 በመቶ ሊቆርጥ፣ የታክስ ተመላሽንም ሊወስድ ይችላል።

2,500 ዶላር የሚባለው የታክስ ቅናሽ ለመጀመሪያዎቹ አራት የኮሌጅ ዓመታት የተወሰነ ስለሆነ፣ ዲግሪ ላለው ሰው በአብዛኛው አይሰጥም። ለእርስዎ የሚሆነው የዕድሜ ልክ ትምህርት ቅናሽ የሚባለው ነው፦ ከከፈሉት የትምህርት ክፍያ 20 በመቶው፣ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ። አንድ ኮርስ ብቻ ቢወስዱም ይሠራል፣ የዓመታት ገደብ የለውም፤ ነገር ግን ያለብዎትን ግብር ይቀንሳል እንጂ ከዜሮ በታች ወርዶ በእጅ አይሰጥም። በዓመት 3,360 ዶላር ከከፈሉ 672 ዶላር ማለት ነው። በብድር የተከፈለውም ይቆጠራል። ኮሌጁ በጃንዋሪ የሚልክልዎትን፣ የትምህርት ክፍያዎን ለግብር የሚያሳየውን 1098-ቲ ቅጽ አይጣሉት።


አዲስ ገቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

6,000ውን ዛሬ ማለዳ በድረ ገጹ ላይ ሰረዝኩት፤ 3,500ውን ተቀብያለሁ። ከሦስቱ ኮርሶች አንዱን ጥዬ በ6 ክሬዲት ለመጀመርም ወስኛለሁ፤ የሌሊት ተረኛ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ዘጠኙ አስፈራኝ። ክፍያው በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ብድሩን እንደገና ዝቅ ማድረግ እችል እንደሆነ ለማወቅ ማክሰኞ ዕርዳታ ክፍሉ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ለእናቴ ጣሪያ ደግሞ ከአሌክሳንድሪያው ወንድማችን ተምሬ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዕቁብ ልገባ ነው።

የቀረኝ የትራንስክሪፕቱ ጉዳይ ነው። ገምጋሚው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ካልተላከልኝ አልቀበልም ብሏል። አገር ቤት ሰው ሳይወክሉ ማስላክ የቻለ አለ?


መልስ 8፦ ሆስፒታል ውስጥ ያለሁ

እኔ እህቴን በውክልና ሬጅስትራር ቢሮ ልኬ ነው ያስጨረስኩት፤ ያለ ሰው በኢሜይል ብቻ ስጽፍ ወራት አልፈውብኝ ነበር። ውክልናውን በኤምባሲ በኩል አሁኑኑ ጀምሪው፤ የክሬዲት ዝውውሩ ለፀደይ ሴሚስተር ምዝገባ እንዲደርስልሽ።